የሴት ወሬ፣ የልጅ ተረት

ሰሞኑን አንድ የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ተገኝቼ ነበር። ደራሲዋ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ስትናገር ድምፅዋ ዝግ የሚል ሴት ናት። መጽሐፉ አራተኛዋ ነው። የቀደሙት ሦስቱ የፍቅር ልቦለዶች ናቸው፤ አራተኛው ፍቅር ላይ ተአምር ጨምሮበታል፤ ባለታሪኳ ከሞተ እጮኛዋ ጋር ሌሊት ሌሊት ወንዝ ዳር እየተገናኘች ትጨዋወታለች። አዳራሹ ሞልቷል። ክራር ተመታ፣ ግጥም ተነበበ፣ ከመጽሐፉም አንድ ምዕራፍ ተነበበ። በመጨረሻ ‹‹ጥያቄ ወይም አስተያየት ያለው?›› ሲባል መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ አንድ ሰው ማይክራፎኑን ተቀበሉ። መጽሐፉን ‹‹ጊዜ ስላልነበረኝ›› አላነበብኩትም አሉ፤ አባባላቸው ግን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ሳይሆን ማዕረጉን የሚጠቅስ ሰው አባባል ነበር። ከዚያ እንዲህ አሏት፤

‹‹ብዕርሽ ይፈስሳል፤ ጎበዝ ነሽ። ግን የኔ ልጅ፣ ቁም ነገር የምትጽፊው መቼ ነው?››

ሰው ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የለመደ ሳቅ ነው። እሷም ፈገግ አለችና የመጽሐፉን ሽፋን በመዳፏ ዳበስ አደረገችው። ‹‹እሞክራለሁ›› አለች።

እንቅልፍ የነሳኝ የሰውየው ጥያቄ አይደለም። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ከፋም ለማም ለምጄዋለሁ። ያልተወኝ ያቺ ‹‹እሞክራለሁ›› ናት። አራት መጽሐፍ የጻፈች ሴት፣ ለማሳተሚያ ተበድራ፣ ሳሎኗን በካርቶን ሞልታ፣ ገና ልትሞክር ነው!

ለምን እንዲህ እንደከነከነኝ ለማስረዳት አንድ የቆየ ጉዴን ማውጣት ግድ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ጊዜ በብዕር ስም ሁለት የፍቅር ልቦለዶች ጽፌያለሁ። ለገንዘብ ብዬ ነው ብል ግማሹ ውሸት ይሆናል። የቤት ኪራይ ነበረብኝ፣ እሱ እውነት ነው። ግን ልጆቹ ሲተኙ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ስል ደስታ ነበረኝ። ቀን ቀን ስለ ትረካ አንጻርና ስለ ምልክታዊነት እለፈልፋለሁ፤ ማታ ማታ አንዲት የቴሌ ኦፕሬተር ድምፁን ብቻ የምታውቀውን ሰው ስትወድ እጽፋለሁ። የትኛው ሥራዬ የበለጠ ድካም ነበረው? ብትሉኝ ያለጥርጥር የማታው።

አንድ ቀን የመምህራን ሻይ ክፍል ተቀምጠናል። አንድ ባልደረባችን ‹‹አንዲት ተማሪ ቦርሳ ውስጥ ያገኘሁትን ጉድ ላሳያችሁ›› ብሎ መጽሐፍ አወጣ። የኔን መጽሐፍ! መሀሉን ገለጠና ድምፁን አቅጥኖ፣ ትከሻውን እየሰበቀ ማንበብ ጀመረ። ሻይ የያዘው ሻዩን አስቀምጦ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሁሉም ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ ማን ይጠረጥረኛል? ‹‹ያዢው እስቲ፣ ለልጆችሽ የመጥፎ ድርሰት ምሳሌ ይሆንሻል›› ብሎ ሰጠኝ። ወሰድኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ እውነትም ክፍል ይዤው ገባሁ፤ ያንኑ ገጽ በዚያው ቅላጼ አነበብኩላቸው። ክፍሉ አውካካ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ብቻ አልሳቀችም።

‹‹ቲቸር፣ እኔ ግን ወድጄዋለሁ›› አለች።

‹‹ምኑን ነው የወደድሽው?››

‹‹ስልኩ ከተቋረጠ በኋላ መስመሩን ይዛ የምትጠብቀው ነገር አለ አይደል? እሱን።››

‹‹መውደድ ሂስ አይደለም›› አልኳት። ተቀመጠች።

እንግዲህ ዛሬ የምጽፈው እንደ ተበዳይ ብቻ አይደለም። ከበዳዮቹም አንዷ ነበርኩ፤ ያውም በደሞዝ።

በእኛ መንደር ሁለት ስድቦች አሉ። ፍቅር ከጻፍሽ ‹‹የሴት ወሬ›› ነው። ተአምር፣ ጠንቋይ፣ ዘንዶ፣ የሌለ አገር ከጻፍሽ ደግሞ ‹‹የልጅ ተረት›› ነው። ሁለቱን ቀላቅለሽ ከጻፍሽማ ማን ቀና ብሎ ያይሻል? እስቲ ይሄ ፍርድ የሚሰጠው የማን ቤት ውስጥ ተቀምጦ እንደሆነ እንይ።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ ነው፤ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታተመ። እኛ ‹‹ጦቢያ›› እያልን የምንጠራው። ታሪኩ ምንድን ነው? መንትያ እህትና ወንድም አሉ። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ከአረማዊው ንጉሥ ወገን የሆነች ልጅ ወንድ መስላት ጦቢያን ትወዳታለች። ምስጢሩ ሲወጣ ንጉሡ ራሱ ጦቢያን ይወዳል፤ በመጨረሻ ክርስትና ተነሥቶ ያገባታል፤ ወንድሟ ደግሞ ያቺን ልጅ ያገባል። ድርብ ሠርግ! ዛሬ አንዲት ወጣት ይህንኑ ጽፋ ብታመጣ ‹‹የህንድ ፊልም ነው›› ብለን እንመልሳታለን። ያኔ የመጽሐፉ ርዕስ ‹‹ልብ ወለድ ታሪክ›› ይል ነበር፤ ለዚህ የድርሰት ዓይነት የምንጠቀምበትን ስም የሰጠን እሱ ነው። ልብ የወለደው ነው ያለው ሰውዬው። አእምሮ ወለድ አላለውም፣ ኮሚቴ ወለድም አላለውም።

ወደ 1958 ዓ.ም. እንምጣ። ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› ርዕሱ ላይ ምን እንደሚል ማንበብ ለሚችል ሰው የተደበቀ ነገር የለም። እኛ መምህራን ግን ደበቅነው። ለስንት ዓመት ጉዱ ካሣን አስተማርን! ስለ ፊውዳሉ ሥርዓት፣ ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት፣ ስለ መደብ ቅራኔ ፈተና አወጣን። በዛብህና ሰብለ ወንጌል እንደ መኪና ጎማ ነበሩ፤ ሐሳቡን ተሸክመው እንዲሄዱ ብቻ የተገጠሙ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው ሕዝቡ ሥራ ፈትቶ የሰማው የመደብ ቅራኔውን ብቻ ይመስላችኋል? ሰብለ መነኩሴ መስላ ፍቅረኛዋን ፍለጋ ስትወጣ ነው ያገሬ ሰው ትንፋሹን የያዘው። ደግሞ ሐዲስ ዓለማየሁ ከዚህ ሥራቸው 10 ዓመት ቀደም ብለው፣ በ1948 ዓ.ም.፣ ያሳተሙት መጽሐፍ ‹‹ተረት ተረት የመሠረት›› ይባላል። ተረት! ያ ትልቅ ሰው፣ ዲፕሎማቱ፣ ሚኒስትሩ፣ ተረት ለመጻፍ አላፈሩም። ያፈርነው እኛ ነን።

‹‹የልጅ ተረቱ›› ላይማ ብንነካካው የባሰ ነው። የነገሥታት ዝርዝራችን የሚጀምረው በዘንዶ ነው እኮ፤ ልጃገረድ እየተገበረለት አገር ገዛ በሚባለው በዐርዌ። በክብረ ነገሥት ጽላቱን የያዙት ሠረገሎች ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብለው ይጓዛሉ፤ ኤርትራ ባሕርንም እንዲሁ ይሻገራሉ። በግእዙ ዜና እስክንድር የመቄዶንያው ንጉሥ የሚጾም፣ የሚጸልይ ክርስቲያን ሆኖ የዓለምን ዳርቻ ሲያስስ እናገኘዋለን። (የሃይማኖት ወገኖቼ እንዳትቆጡኝ፤ የእምነትን ነገር ከልቦለድ ጋር እኩል ማድረጌ አይደለም። የማወራው ከእነዚህ ገጾች ጋር አብሮ ስላደገ ምናብ ነው።) በዚህ ጥሬ የተቀለበ አንባቢ ፊት ቆሞ ‹‹ፋንታሲ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለኛ ባህል ባዳ ነው›› የሚል ምሁር ስሰማ አያቱ ምን እየነገሩ እንዳሳደጉት መጠየቅ ያምረኛል።

ነገሩ ግን አለማወቅ አይደለም፤ እሱ ቢሆን ይሻል ነበር። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐምሌትንና ማክቤዝን ሲተረጉም መንፈሱና ጠንቋዮቹ አብረው መጥተዋል፤ ‹‹ተረት ነው›› ያለ የለም። በማርኬዝ ‹‹መቶ የብቸኝነት ዓመታት›› ውስጥ ቆንጆዋ ሬሜዲዮስ አንሶላ እንደያዘች ወደ ሰማይ ስታርግ ሻይ ክፍላችን ውስጥ ያልተደመመ መምህር አልነበረም። ‹‹ምትሃታዊ እውነታ›› ብለን ስም አወጣንላት፣ መመረቂያ ጽሑፍ አስጻፍንባት። በ2001 ዓ.ም. የይስማዕከ ወርቁ ‹‹ዴርቶጋዳ›› ገዳሙን፣ ስለላውንና ሳይንሱን ቀላቅሎ ሲመጣና ወጣቱ እየተሻማ ሲያነበው ግን ያው ሰዎች ‹‹ይሄ ምኑ ሥነ ጽሑፍ ነው?›› አልን። ማርኬዝና ይስማዕከ እኩል ናቸው አላልኩም። ለምን እኩል እንዳልሆኑ አንብቦ፣ ገጽ ጠቅሶ የሚነግረን ሰው ነበር የሚያስፈልገው። ካሾፉት ውስጥ መጽሐፉን የጨረሰው ስንቱ ነው? ስንጠየቅ ‹‹ገለጥ ገለጥ አድርጌዋለሁ›› ነበር መልሳችን። ሬሜዲዮስ አየር ላይ የቆየችው ስፓኒሽ ስለምትናገር ይመስለኛል።

‹‹የሴት ወሬ›› የሚለውም እንደዚሁ ነው። ወንድ ደራሲ አንዲት ሴት መስኮት ላይ ቆማ ሰው ስትጠብቅ ሲጽፍ ‹‹የሰው ልጅ ዕጣ›› ይባላል። ሴት ደራሲ ያችኑ ሴት እዚያው መስኮት ላይ ብታቆማት ‹‹ወንድ አምሯት›› ነው። የበዓሉ ግርማን ‹‹ኦሮማይ›› ሕዝቡ ሲያስታውስ ፊያሜታን አስቀድሞ ነው የሚያነሣው። ስለ ቀይ ኮከብ ዘመቻ የተጻፈ፣ ከደራሲው መጥፋት ጋር ስሙ የሚነሣ መጽሐፍ ውስጥ ፍቅሩ ለማጣፈጫ የገባ አይደለም፤ ጦርነቱ ምን እንደበላ የምናውቀው በእሷ በኩል ነው። ይሄን ግን ማንም ‹‹የሴት ወሬ›› አላለውም። ደግ አደረገ። እኔ የምለው ለሌሎቹም ይዳረስ ነው።

ቀስ ብዬ የተረዳሁት አንድ ነገር አለ። የሚናቀው መጽሐፉ አይደለም፤ ያላነበቡትን መጽሐፍ እንዴት ይንቁታል? የሚናቀው አንባቢው ነው።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በትልቅነቷ ነው፤ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ። ማታ ማታ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልላ ቀበሌ ትሄድ ነበር። የምስክር ወረቀቷን ተቀብላ፣ ግድግዳ ላይ ሰቅላ፣ ከዚያ ምን ታንብብ? ቤታችን የነበረው የዘመኑ በራሪ ወረቀትና የኔ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ነው። አንድ ቀን ታላቅ እህቴ ከሚያከራይ ልጅ በስሙኒ የተከራየችውን የፍቅር ልቦለድ አልጋ ላይ ረስታ ወጣች። ሽፋኑ የለም፤ በካላንደር ወረቀት ተለብዷል፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ተገንጥለዋል። እናቴ ቡና እያፈላች አነሳችው። ጣቷን ቃል ቃሉ ሥር እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ጀበናው እስኪገነፍል አነበበች። ማታ ራት አልቀረበም። መጽሐፉ በማግስቱ መመለስ ነበረበት፤ ‹‹አንድ ቀን ጨምሪበት›› ብላ ሌላ ስሙኒ ከመቀነቷ ፈታች። እናቴ ለራሷ ደስታ ብላ ገንዘብ ስታወጣ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ያቺ ሴት ከዚያ ወዲህ ጋዜጣ አነበበች፣ መዝሙረ ዳዊት አነበበች፣ የቀበሌ ማመልከቻ ለጎረቤት ጻፈች። መንገዱን ያስጀመራት ግን ደራሲው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ የማላውቀው፣ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ነው። እኔ ደግሞ ይሄን በዓይኔ አይቼ፣ አድጌና ተምሬ፣ የእንዲህ ያለውን መጽሐፍ ገጽ ድምፄን አቅጥኜ አነበብኩ።

ካፌ ለካፌ መጽሐፍ ተሸክሞ የሚያዞር አንድ ወዳጅ አለኝ። ባለፈው ‹‹የፍቅሩን ማነው የሚገዛህ?›› አልኩት።

‹‹ማዘር፣ ሴቶቹ በግላጭ ነው የሚገዙት›› አለኝ። ‹‹ትልልቆቹ ሰዎች ግን ‹ለሚስቴ ነው› ይላሉ።››

‹‹ታዲያ ለሚስታቸው ቢሆንስ?››

‹‹ኧረ ሚስት የሌለውም ይላል!››

አሁን ደግሞ ወደማይመቸኝ ቦታ ልግባ። ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ መጥፎ ናቸው። መጥፎ ሲባል እንዲሁ አይደለም! ወንዱ ሁልጊዜ ሎጋ ነው፤ ሁልጊዜም ወይ ዶክተር ወይ ከአሜሪካ የመጣ ነው። የልጅቷ ጥርስ በረዶ፣ አንገቷ ብርሌ። ምዕራፍ 12 ላይ መኪና ይገለበጣል። ምዕራፍ 15 ላይ ወንድሟ ሆኖ ይገኛል። በፋንታሲውም በኩል ደራሲው መውጫ ሲያጣ ድንገት ማንም ያልነገረን ክታብ ከኪስ ይወጣል። የኔም ሁለቱ ልቦለዶች ከዚህ ነፃ አልነበሩም፤ ያ ባልደረባችን ካነበበው ገጽ ላይ አንዱ ዓረፍተ ነገር እውነትም አስቀያሚ ነበር፤ ስምንት ቅጽል ተሸክሟል። ያን ቀን ግን ስለ ቅጽሉ ማንም አላነሳም። የተሳቀው ሰው ስለተሳሳመ ነው። አንድ ሰው ‹‹ስድስቱን ቅጽል ሰርዢ›› ቢለኝ ኖሮ ሦስተኛ መጽሐፍ እጽፍ ነበር ይሆናል።

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እኛ አገር አብዛኛው ደራሲ የራሱ አሳታሚ ነው። ተበድሮ ማተሚያ ቤት ይከፍላል፤ አራሚው የአክስቱ ልጅ ነው፤ አርታኢ የሚባል ነገር የለውም፤ ከሽፋኑ ዋጋ ጠቀም ያለውን አከፋፋዩና ሻጩ ይቀራመቱታል። ለዚህ ሰው የቀረው መካሪ ሐያሲ ብቻ ነበር። ሐያሲው ግን ከደረጃዬ በታች ነው ብሎ አያነብም። ብዙ ሰው የሚያነበውን ያላነበበ ሐያሲ፣ ብዙ ሰው የሚታከምበትን በሽታ አልነካም እንዳለ ሐኪም ነው። ሳናርም ቆይተን ‹‹ማሳው አረም ሆነ›› ብለን እንስቃለን። በዚህ መሀል ጥሩዎቹም አብረው ይጠፋሉ፤ በዚያ ክምር ውስጥ ሁለት ሦስት ድንቅ መጽሐፍ እንዳለ አንባቢው ያውቃል፤ ስማቸውን በወረቀት ላይ ያሰፈረላቸው ግን የለም።

ደግሞስ መጥፎ ‹‹ቁም ነገር›› የለም እንዴ? እሱን ማን ይናገር! ሦስት ገጽ ሙሉ የሲጋራ ጭስ እያየ ስለ ባዶነት የሚያስብ ሰውዬ፣ ስም የሌላት ሴት፣ ነጥብ የሌለው ዓረፍተ ነገር። ከምረቃው አዳራሽ ስንወጣ ‹‹ገባህ?›› ‹‹ጥልቅ ነው›› እንባባላለን። ጥልቅ የሚለው ቃል ስንቱን ደረቅ ጉድጓድ እንደሸፈነ! በአሥር ዓመት ውስጥ በግድ ከጨረስኳቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ እንደዚህ ያሉት ናቸው፤ አንዳቸውንም ግን ማንም ‹‹ቁም ነገር መቼ ትጽፋለህ?›› ብሎ ሲጠይቃቸው አልሰማሁም።

‹‹አገር በዚህ ሁሉ መከራ ውስጥ እያለች ፍቅር ይጻፋል ወይ?›› የሚሉም አሉ። ከመነጽር ሰቃዩ ሰውዬ ይልቅ እነዚህን አከብራለሁ፤ ጥያቄያቸው የእውነት ነው። ለእነሱ ነቢይ መኮንንን ነው የማስታውሳቸው፤ ነፍሱን ይማረው። በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ፣ ወረቀት በሌለበት፣ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ እየጻፈ መጽሐፍ ተረጎመ። የመረጠው የትግል ፍልስፍና አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1936 የታተመውን የማርጋሬት ሚቼልን ልቦለድ ነው፤ በጦርነት መሀል ያለ የፍቅርና የግትርነት ታሪክ። (ስለ ባርነት የሚያሳየው ነገር ሊተች የሚገባው ነው፤ ይተች።) ‹‹ነገም ሌላ ቀን ነው›› ሆኖ ወጣልን። ነገ መኖሩ በማይታወቅበት ቦታ ላይ ሆኖ ያንን ርዕስ የጻፈ ሰው ስለ ቁም ነገር ከማናችን ያንሳል? እስረኛ ምን ማንበብ እንዳለበት ከእስረኛ በላይ የምናውቀው ከየት አምጥተን ነው?

የብዕር ስምሽን ንገሪን የምትሉ ትኖራላችሁ። ይሄን ሁሉ ከለፈለፍኩ በኋላ ልነግራችሁ ይገባ ነበር። አልችልም። ያ ባልደረባ ዛሬም ይህን ዓምድ ያነባል፤ ሲያገኘኝም ያመሰግነኛል፤ እና... አልችልም። ፍርሃት እንዲህ ነው የሚሠራው።

የዚያችን ደራሲ መጽሐፍ ግን በግላጭ ገዝቼ፣ ፊርማዋን አስፈርሜ፣ በሦስት ሌሊት ጨርሼዋለሁ። የሞተው እጮኛ ወንዝ ዳር ሲመጣ ጫማው ሁልጊዜ ደረቅ ነው፤ ይቺን ነገር ሳታብራራት ማለፏን ወድጄላታለሁ። የአማቲቱ ምዕራፍ በቅርብ ካነበብኳቸው የአማርኛ ምዕራፎች ሁሉ የሚሻል ነው። ዝናቡ ግን ይበዛል፤ ሰው በተጣላ ቁጥር ይዘንባል፣ ያውም ጥር ላይ። ፍጻሜውም ተጣድፏል፤ 40 ገጽ ይጎድለዋል። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ዓምድ ላይ ገጽ በገጽ እየጠቀስኩ እጽፍበታለሁ። በዝናቡ ጉዳይ ሳንጣላ አንቀርም።